ሯጭ ሲደክመው ማን ይጦረዋል?

በ2010ዎቹ ዓ.ም. በጀሞ፣ በለቡ፣ በጎፋ ወይም በሃና ማርያም የኖረ ወጣት በየማዕዘኑ ተከፍተው የነበሩትን የውርርድ ቤቶች ይረሳቸዋል ብዬ አላምንም። አስተዳደሩ ዘምቶባቸው ብዙዎቹ እስኪታሸጉ ድረስ ከኳሱ ትኬት ጎን ለጎን አንድ ሌላ ነገርም ይሸጥባቸው ነበር። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን በየጥቂት ደቂቃው ቀጫጭን ውሾች ከሣጥን ተፈትልከው ይወጣሉ፤ ሜዳውን ይዞራሉ፤ ብዙም ሳይቆይ አንዱ ይቀድማል፤ የተበላው ትኬቱን ቀዶ ይጥላል። ውሾቹ ግን ውሾች አልነበሩም። ኮምፒዩተር የሣላቸው ናቸው። አይበሉም፣ አይታመሙም፣ እግራቸው አይሰበርም፣ አያረጁም። አስቆማሪ ሁሉ የሚመኘው ውሻ ይኸው ነው፤ ሲሮጥ ያለ፣ ሲቆም የሌለ።

እውነተኞቹ ግን አሉ። ስማቸው ግሬይሃውንድ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የእነዚህ ውሾች ታሪክ ነው፤ ይልቁንም ሩጫው ካበቃ በኋላ ያለው ታሪካቸው።

«እንዴ! የአገሩ ጉዳይ ሁሉ አልቆ ነው ስለ ፈረንጅ ውሻ የሚጻፈው?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ። ነገሩ የውሻ ብቻ አይደለም፤ ዞሮ ዞሮ ነፋስ ስልክ ደጃፍ ላይ የሚያርፍ ነው። ለጊዜው አንድ ቃል ብቻ ይዘን እንነሣ። «ጡረታ» የምንለው ቃል የወጣው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው። ጦረ ማለት ደግሞ ያረጀን፣ አቅም ያጣን መገበ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ጡረታ መውጣት ከሥራ መሰናበት ብቻ አይደለም፤ ከሥራው ማዶ ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ጧሪ መኖር አለበት። ጧሪ ከሌለ ጡረታ የሚለውን ስም ባንጠቀም ይሻላል፤ መባረር ነውና።

ውሻው ምን ይመስላል? ደረቱ ጥልቅ፣ ወገቡ ከመቅጠኑ የተነሣ በእጅ የሚጨበጥ የሚመስል፣ እግሩ ረጅም፣ ፀጉሩ ስስ፣ ገላው ላይ ስብ የሚባል ነገር የሌለበት። ክብደቱ ሠላሳ ኪሎ ገደማ ነው። በአጭር ርቀት በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ በከተማችን መንገድ ላይ ሚኒባስ የሚቀድም ማለት ነው (ሚኒባሱ ተሳፋሪ ካልጠራ!)። እንደ ሌላው አዳኝ ውሻ አሽትቶ ሳይሆን አይቶ ነው የሚያሳድድ። እሱን የሚመስሉ ቀጫጭን አዳኝ ውሾች በጥንት ግብፃውያን መቃብር ግድግዳ ላይ ተሥለው ይገኛሉ።

ስለዚህ ዓይነቱ ውሻ በፍቅር የጻፈው ሰው አርያን ነው፤ የታላቁ እስክንድርን ዘመቻ የጻፈልን የ2ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ። አርያን ስለ አደን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሆርሜ የምትባል የራሱን ውሻ ያነሣል። በሜዳ ላይ እንዴት ፈጣን እንደ ነበረች ከነገረን በኋላ የቤት ጠባይዋን ይተርካል፤ እሱ ቤት ሲሆን ከእሱ እንደማትለይ፣ ሲወጣ እንደምትከተለው፣ ስትራብ እንዴት እንደምትለምነው። ስሟን የሚጽፈውም ለወደፊቱ እንዲቀርላት ብሎ መሆኑን አልደበቀም። ከዚህም ሌላ እውነተኛ አዳኝ የሚወጣው ጥንቸሏን ለመግደል ሳይሆን እሽቅድምድሙን ለማየት ነው፤ ጥንቸሏ ብታመልጥም ደስ ሊለው ይገባል ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ የሆሜር አርጎስ አለ፤ ጌታው ኦዲሲየስ ለሃያ ዓመት ሲጠፋበት በር ላይ በፋንድያ ክምር ተጥሎ መዥገር የወረሰው የቀድሞ አዳኝ ውሻ። ጌታው ሲመለስ ጅራቱን ወዘወዘ፤ ሞተ። እንግዲህ የአሮጌ ሯጭ ዕጣ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነበር ማለት ነው፤ የሆሜር ፋንድያ ወይም የአርያን ምንጣፍ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ረጅም ዘመን እንዝለለው። የመኳንንት አደን ነበር፤ በኋላም የከበርቴዎች ውርርድ ሆነ። ነገሩን የለወጠው አንድ ማሽን ነው። (ከዚህ በኋላ የውጭ አገሮቹን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ በሐዲድ ላይ የሚሽከረከር ሰው ሠራሽ ጥንቸል ፈለሰፈ፤ በ1919 በካሊፎርኒያ፣ ኤመሪቪል ከተማ ሜዳ ከፈተ። ሰውየውን ለዚህ ያነሣሣው በሕይወት ያሉ ጥንቸሎች በውሾች ሲዘነጠሉ ማየት አስጠልቶት ነው ይባላል። ልብ በሉ፤ ለጥንቸል በማዘን የተሠራ ማሽን ነው ውሻውን የፈጀው።

እንዴት? ቢሉ፤ ቀድሞ ሩጫው የሚደረገው በመስክ፣ በወቅቱ፣ ጥንቸል ሲገኝ ነበር። ማሽኑ ከመጣ በኋላ ግን ክብ ሜዳና የኤሌክትሪክ መብራት በቂ ሆነ፤ በየሳምንቱ፣ በየምሽቱ፣ በየሩብ ሰዓቱ ማስሮጥ ተቻለ። ሐምሌ 24 ቀን 1926 ማንችስተር ውስጥ ቤል ቩ በተባለ ቦታ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ውድድር ሲደረግ 1,700 ያህል ሰው ተገኘ። በዓመቱ የሎንዶኑ ዋይት ሲቲ ተከተለ። የፈረስ እሽቅድምድም በቀትር፣ ከከተማ ርቆ የሚደረግ የጌቶች ጨዋታ ነበር፤ ወዛደሩ በዚያ ሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ነው። የውሻው ግን ከሥራ በኋላ፣ በእግር ተሂዶ፣ በጥቂት ሳንቲም የሚታይ ሆነ። ነገሩ በፍጥነት የተዛመተውም ለዚህ ነው። ሠርቶ አደሩ የሚዝናናበት ቦታ አገኘ፤ ኪሱን የሚያራግፍለትም አብሮ አገኘ።

ከሯጮቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ሚክ ዘ ሚለር ነው። አየርላንድ ውስጥ በአንድ ቄስ እጅ ያደገ ውሻ ነው። በ1929 እና በ1930 የእንግሊዝን ደርቢ በተከታታይ አሸነፈ፤ ሩጫ ሲያቆም በፊልም ላይ ሠራ፤ በ1939 ሲሞት ቆዳው ተሞልቶ ሙዚየም ገባ። እስከ ዛሬም ትሪንግ በሚባለው ከተማ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ቆሟል። የሻምፒዮኑ ጡረታ እንግዲህ መስተዋት ነበር። የተቀሩትስ?

የተቀሩት ጉዳይ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ግሬይሃውንድ አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላው መሮጥ ይጀምራል። አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሆነው ሰዓቱ ይወርዳል፤ እግሩ ከተሰበረም ከዚያ በፊት ያቆማል። ዕድሜው ግን አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ከሮጠበት ዘመን በእጥፍ የሚበልጥ ሩጫ የሌለበት ዘመን ይቀረዋል፤ እየበላ፣ ምንም ሳያስገባ። ከዚያ በላይ ደግሞ ገና ከመነሻው ዘገምተኛ ሆኖ አንድ ቀን እንኳ ሳይወዳደር የሚወድቅ ቡችላ አለ። ከትኬቱ፣ ከውርርዱ፣ ከመጠጡ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚህ ለቀሪው ዘመን የሚቆረጥ መዋጮ አልነበረም። እና የት ይግቡ?

የት እንደገቡ ዓለም ያወቀው አንዳንድ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ ነው። በ2002 አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ በአንድ ሰው መሬት ላይ የሺዎች ግሬይሃውንድ ቅሪት ተገኘ፤ ሰውየው በጎረቤት ፍሎሪዳ የውሻ መሮጫ ዘበኛ ነበር፤ ለአንዱ ውሻ አሥር ዶላር እየተቀበለ ነበር የሚተኩሰው። በ2006 ደግሞ ሲየም በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ጤነኛ ውሾችን እየገደለ በጓሮው ሲቀብር መኖሩን ጋዜጣ አጋለጠ፤ ቁጥራቸው ከአሥር ሺህ ሊበልጥ እንደሚችል ተገመተ። ዋጋው እዚያም አሥር ነው፤ አሥር ፓውንድ። ፍርድ ቤት ቀርቦ የተቀጣው በመግደሉ አልነበረም። በአገሩ ሕግ ባለቤት ውሻውን ማስገደል ይችላል። የተቀጣው ያለ ፈቃድ ቆሻሻ በመቅበር ነው፤ 2,000 ፓውንድ። እኔ ይህን ሳነብ ከግድያው ይልቅ የክሱ ርእስ ነበር የከነከነኝ። ትናንት ሕዝብ በስሙ እየጠራ የጮኸለት ሯጭ በሕግ ፊት «ቆሻሻ» ተባለ።

ሰዎች እነዚህን ውሾች ወደ ቤታቸው መውሰድ የጀመሩት ግን ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1970ዎቹ አጋማሽ የውድድሩ አስተዳደር ራሱ ለተሰናባቾች ቤት የሚፈልግ ድርጅት አቋቋመ። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ በጎ ፈቃደኞች ተነሡ። መጀመሪያ ሰው ፈራ። ውሻው ሲሮጥ አፉ ላይ ልጓም የመሰለ ነገር ይታሠርበታል፤ ይህን ያየ ሁሉ ተናካሽ ነው ብሎ ደመደመ፤ ጥንቸል ሲያሳድድ የኖረ ልጅ ይነክሳል ተባለ። ቤት ሲገባ የታየው ግን ሌላ ነው። ቀኑን አብዛኛውን ተኝቶ የሚውል፣ እምብዛም የማይጮኽ፣ ሰው ላይ ተደግፎ መቆም የሚወድ ፍጡር ሆኖ ተገኘ። ድመት ካለች ግን ጠንቀቅ ነው፤ ዓይኑ አሁንም ሯጭ ነገር ይከተላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የማያውቃቸው ነገሮች ናቸው። በሣጥንና በሜዳ መካከል ስላደገ ደረጃ አያውቅም፤ ከአንደኛው ፎቅ ሥር ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ አሳዳሪው እግሮቹን አንድ በአንድ እያነሣ ያስተምረዋል። የመስተዋት በር አያውቅም፤ ሮጦ ይጋጨዋል። በመስታወት ውስጥ ራሱን ሲያይ ሌላ ውሻ መስሎት ይደነግጣል። ስብ ስለሌለው ቁር ይጎዳዋል፤ ለዚህ ነው ሎንዶን ያሉ ወገኖቻችን «ፈረንጅ ለውሻ ካፖርት ያለብሳል» እያሉ የሚስቁት። ካፖርቱ ቅንጦት አይደለም። በጆሮው ውስጥ የተነቀሰ ምልክት አለ፤ የንግድ መታወቂያው ነው። በሜዳ የሚጠራበት ረጅም ስምም አለው፤ አዲሱ ቤት ግን ሌላ አጭር ስም ይሰጠዋል። ስም መቀየሩን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ግማሽ እውነት ይሆናል። ይህ ውሻን ወስዶ የመጦር ሥራ ለአስሯሯጮቹም ምቹ ሆነላቸው። «ይኸው፣ ሁሉም ቤት ያገኛሉ» ብለው ስማቸውን አጠቡበት። ትርፉ የባለ ሜዳው፣ ቀለቡና ሐኪሙ የበጎ አድራጊው ሆነ። ይህ ጡረታ ሳይሆን ምጽዋት ነው። ለውሻው ልዩነት የለውም ይባል ይሆናል፤ ሆዱ ከሞላ የማን እጅ እንዳጎረሰው አይመረምርም። ለታሪክ ግን ልዩነት አለው። ውሾቹ በብዙ ሺህ ቤት ምንጣፍ ላይ ተኝተው ሕዝብ ጠባያቸውን ካየ በኋላ ነው ሩጫው ራሱ ጥያቄ ውስጥ የገባው። በኅዳር 2018 የፍሎሪዳ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ 69 በመቶው ይቁም አለ፤ በ2020 መጨረሻም ቆመ። በዚያው በ2018 ማካዎ የነበረው ካኒድሮም የተባለው ሜዳ ሲዘጋ ኩባንያው ከ500 በላይ ውሾችን ሜዳው ላይ ጥሎ ነበር፤ መንግሥት ኩባንያውን ቀጣ፤ በጎ ፈቃደኞች ውሾቹን በአውሮፕላን እየጫኑ ጣሊያን፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካ ላኩ። በታኅሣሥ 2024 ኒውዚላንድ ሩጫውን ልታግድ መወሰኗን አስታወቀች። ከአርያን ምንጣፍ የተነሣ ነገር ሜዳ እስከ መዝጋት ደረሰ ማለት ነው።

*

አሁን ወደ አገራችን እንግባ። በእኛ ዘንድ ውሻ አልተሽቀዳደመም። ውሻ በር ላይ ነው ሥራው። ውጭ ያድራል፣ ትራፊ ይበላል፣ ቤት ውስጥ መግባቱ ነውር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከገባማ መቅደሱ ረከሰ ይባላል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ስንል ታማኝነቱን እያመሰገንን ይሁን ሆዳምነቱን እየሰደብን ለራሳችንም አይለይም። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ተረት አይደለም፤ ሰው ይገድላል። ከተማው ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በየጊዜው በመርዝ ሲፈጅ የኖረውም በዚሁ ሰበብ ነው።

አንድ ውሻ ብቻ ከዚህ ሕግ አመለጠ፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ። ቺዋዋ የሚባለው ዓይነት ትንሽ ውሻ ነበር፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ባሕር ማዶ ሳይቀር ተጉዟል። ሲሞት በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ተቀበረ፤ ድንጋይ ቆመለት። ጌታውስ? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞቱ፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከወለል በታች ነው፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፉት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ውሻው መቃብር ነበረው፤ ጌታው አልነበራቸውም። የንጉሡን ሥርዓት ለመውደድም ለመጥላትም አይደለም ይህን የማነሣው፤ ጧሪና ቀባሪ የሚባለው ነገር ከማዕረግ ጋር እንደማይሄድ ለማሳየት እንጂ።

የእኛ ግሬይሃውንድ ፈረስ ነው። ሮጦ ያስከበረን እሱ ነው። ግሬይሃውንድ ቤት ሲገባ ስሙ ይቀየራል ብዬ ነበር፤ በእኛ ግን የተገላቢጦሽ ሰው ነው በፈረሱ የተሰየመው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ራስ መኰንን አባ ቃኘው ናቸው፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦራችን «ቃኘው ሻለቃ» የተባለው በዚህ ስም ነው። አስቡት፤ አንድ ፈረስ ስሙ ባሕር ተሻገረ። በጃን ሜዳ ጉግስ ተጫወቱበት፤ በንጉሡ ዘመን እሽቅድምድም ሮጡበት። ደግሞም «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን፤ ማድረሱን አምነንለታል ማለት ነው።

ካደረሰ በኋላስ? ከዚህ ላይ ነው ነፋስ ስልክ የሚመጣው። ከጠላት ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት ጋሪ የአዲስ አበባ ታክሲ ነበር። መኪና ሲበዛ ከመሐል ከተማ እየተገፋ ወደ ዳር ወጣ። ደቡቡ ዳር ላፍቶ፣ ለቡ፣ ሃና ማርያም፣ ቃሊቲ ነው። ሠፈሩ ሲሠራ፣ አስፋልት ሳይገባ፣ ታክሲ ሳይደርስ፣ አሸዋውንና ሲሚንቶውን፣ የቤት ዕቃውንና ሰውየውን ራሱን ያመላለሰው የጋሪ ፈረስ ነው። ያን ሁሉ ኮንዶሚኒየም ስናይ የሥራ ተቋራጩን ስም የተጻፈበት ታፔላ እናነባለን፤ የፈረሱን ስም የጻፈ የለም። እሱም የሣጥን ስም እንኳ የለውም፤ «ቦራ»፣ «ዳማ» ተብሎ በመልኩ ይጠራል።

ሂሳቡ ከማንችስተሩ አይለይም። ፈረሱ ሲሠራ ጭድና ፍሩሽካ ይበላል፤ ሲያነክስም፣ ጀርባው ገጣባ ሲሆንም ያንኑ ይበላል። የቀን ገቢው ግን ይቆማል። አንድ ልዩነት አለ፤ እንግሊዙ ባለ ውሻ አሥር ፓውንድ ከፍሎ ያስገድላል። እኛ ፈረስና አህያ አንበላም፣ አናርድም፤ እንስሳውን መግደልም ጡር አለው እንላለን። ስለዚህ ባለቤቱ ሲመሽ አውጥቶ ከሠፈሩ ራቅ አድርጎ ይለቀዋል። ከጀርመን አደባባይ እስከ ለቡና ቃሊቲ ድረስ ቀለበት መንገዱ መሐል ላይ አጥንቱ የተቆጠረ ፈረስ ራሱን አቀርቅሮ ቆሞ ያላየ የሠፈሩ ሰው የለም። መኪና ይገጨዋል፤ ካልሆነም ሌሊት ጅብ አለ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው ተረት በሌላ አገር ምሳሌ ይሆን ይሆናል፤ በእኛ ሠፈር ግን እንዳለ የሚነበብ ዜና ነው።

በእኔ አስተያየት ትልቁ ማምለጫችን ይህ «አንገድልም» ማለታችን ነው። ቢላዋ አልያዝንም፤ ስለዚህ እጃችን ንጹሕ ይመስለናል። ሥራውን ለጅብና ለሲኖትራክ ሰጥተን እኛ ጡር እንፈራለን። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ቆዳውንና ሥጋውን ወደ ቻይና የሚልክ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝቡ ሲጮህ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ጩኸቱ ልክ ነበር፤ እኔም ብሆን እጮኻለሁ። ግን በዚያው ሰሞን መንገድ ዳር ስለቆመው አህያ የጮኸ አልሰማሁም። የምንጮኸው ለታረደው ነው፤ ለተጣለው አይደለም።

ታዲያ ባለጋሪውን እንውቀሰው? እስቲ ረጋ እንበል። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በአዋጅ የታወጀው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209። የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በሕግ እስኪካተት ድረስ 2003 ዓ.ም.ን መጠበቅ ነበረበት፤ አዋጅ ቁጥር 715። በሁለቱ አዋጆች መካከል 48 ዓመት አለ፤ ስንቱ ወዛደር ፋብሪካ ውስጥ አርጅቶ በባዶ እጁ ወጣ! ባለጋሪው ደግሞ ቀጣሪ የለው፤ አብሮት የሚያዋጣ የለም። ጉልበቱ ሲያልቅ ልጅ ካለው ልጁ ይጦረዋል፤ ከሌለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ራሱ ጧሪ የሌለውን ሰው «ፈረስህን ጡር» ማለት ከቀለበት መንገዱ ላይ በመኪና መስኮት አዘኔታ እንደ መወርወር ነው። የጋሪው ትርፍ የሄደው ደግሞ ወደ እሱ ኪስ ብቻ አይደለም። በርካሽ አሸዋ ቤት የሠራው ሁሉ፣ በጥቂት ብር ዕቃውን ያስጫነው ሁሉ ከዚያ ፈረስ ጀርባ ላይ ድርሻውን ወስዷል።

የውጭው ታሪክ የሚያሳየን አንድ ነገር ቢኖር የጡረታው ገንዘብ መቆረጥ ያለበት እንስሳው በሚሮጥበት ጊዜ መሆኑን ነው፤ ካቆመ በኋላ የሚለመን ከሆነ የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው። በእኛም ቢሆን መላው የጠፋ አይደለም። ባለጋሪዎች ዕቁብ ይጥላሉ፤ ዕድር አላቸው። ሰውን ለመቅበር በየወሩ የሚያዋጣ ሕዝብ ለፈረሱ ከቀኑ ገቢ አንዲት ብር መለየት ምን ያቅተዋል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ እዚያ የጋማ ከብት በነፃ ሲታከም ኖሯል፤ ገጣባን ማዳን፣ ሰኮና ማስተካከል፣ የማይድነውንም ያለ ስቃይ ማሰናበት የሚያውቁ ሰዎች አሉ። እንደ ውሻው ቤት አስገብቶ ምንጣፍ ላይ ማስተኛት የሚቻል እንስሳ አይደለም፤ የሚፈልገው ሣርና ጅብ የማይዘለው አጥር ነው።

ችግሩ ሣሩ ላይ ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ስም ነው፤ ሠፈሩ ሜዳና ዛፍ እንደ ነበረ ስሙ ይመሰክራል። ለቡና ጀሞ እርሻና ግጦሽ ነበሩ። አሁን ያ ሁሉ ፎቅ ሆኗል፤ ፎቁንም ያቆመው አሸዋ የመጣው በማን ጀርባ እንደሆነ ብዬዋለሁ። አጥር ያልገባበት መሬት ሆኖ የቀረው የመንገዱ አካፋይ ነው። የተለቀቀው ፈረስ ለምን ሌላ ቦታ ሳይሆን ከመኪናው መሐል እንደሚቆም ሹፌሮች ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ሌላ ነው። ገጣባው ላይ ዝንብ ይሰፍርበታል ይላሉ፤ ከባድ መኪና ሲያልፍ የሚነሣው ነፋስ ለጊዜው ያባርርለታል፤ ዝንቡ ተመልሶ እስኪሰፍር ሌላ መኪና ይጠብቃል።